የወግዲው ሰው ዝናብ

ልጅቷ መካነ ሰላም የመጣችው ገብሱ ታጭዶ ምርቱ ወደየቤቱ በገባበት ሰሞን ነው። የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነበረች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ጥናቷ ብቻ ቀርቷታል። የምታጠናው ከከተማችን ሥር ተነስቶ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ወንዝ ነበር፤ ይህን ያህል ሲዘንብ ወንዙ ምን ያህል ይሞላል የሚለውን። ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዳ "የዝናብ መዝገብ ያለው ማን ነው?" ብላ ብትጠይቅ ወደ እኔ ላኳት።

ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ከዚያ ጎን ለጎን ጓሮዬ ውስጥ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ አስራ አንድ ዓመት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቆርቆሮውን ክዳን ማንሳት፣ የተጠራቀመውን ውሃ ቀጭኗ የመስታወት መለኪያ ውስጥ መገልበጥ፣ ጎንበስ ብሎ ዓይንን ከውሃው ጋር እኩል አድርጎ ማንበብ፣ መጻፍ። ካልዘነበ ዜሮ ይጻፋል። ያነበበ ሰው ከሌለ ግን ቦታው ባዶ ይተዋል። ዜሮና ባዶ አንድ እንዳልሆኑ ስንቱን ተማሪ አስተምሬያለሁ። ርዕሰ መምህሩም ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል አይመድብልኝም ነበር፤ መንገዱን ተሻግሬ አንብቤ እመለሳለሁ።

በዚህ ሥራ ኩራት ነበረኝ። ገበያ መሃል ገበሬው አስቁሞ "ጋሼ፣ የዘንድሮው ከአምናው ይበልጣል እንዴ?" ሲለኝ ደብተር ሳላይ እመልስለታለሁ። ያችን የመስታወት መለኪያ ደግሞ ማንም እንዲነካት አልፈቅድም። ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን በኮቴ ኪስ ይዤ ነበር የምዞረው። ባለቤቴ አንድ ሁለቴ "አንተ የሌለህ ቀን እኔ ላንብበው" ብላኝ ነበር። "ብትሰበርስ?" አልኳት። የፈራሁት ግን መሰበሯን አልነበረም። ሥራው የሁለታችን እንዳይሆን ነው።

ለተማሪዋ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ለቀቅንላት። ለአንድ ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት እኔ ከደብተሬ አነብላታለሁ፣ እሷ ላፕቶፗ ላይ ትጽፋለች። የወግዲንና የደጎሎን መዝገብ ቀደም ብላ ጽፋ ጨርሳለች።

"አሁን ይህን ሁሉ ወንዙን በሚያሰላው ሞዴል ውስጥ ልትከቺው ነው?" አልኳት።

"እንዲሁ አይገባም ጋሼ። ሞዴሉ ጥሬውን አይቀበልም። አንድ ቀን ከጎደለ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኛን ዘመን አቆጣጠርም አያውቅም። መጀመሪያ በዚህ ይዘጋጃል።" ብላ አንድ ፕሮግራም ከፈተችልኝ። ቀኑን የሚያስተካክለው፣ የተሳሳተውን የሚለየው፣ የጎደለውን የሚሞላው እሱ ነው።

"ውድ ነው?"

"በነጻ ነው። የሠሩት ሰዎች ውስጡን ሳይደብቁ ለሁሉም ለቀውታል። የፈለገ ከፍቶ ያየዋል፣ ይቀንስበታል፣ ይጨምርበታል። ጳጉሜን አያውቅም ነበር፤ ሲያገኘው ይደነግጣል። ጳጉሜን የሚያሳውቀውን እኔ ጽፌ ጨመርኩበት። አሁን ከኛ አገር ማንም ወስዶ ሊሠራበት ይችላል።"

ጳጉሜን ለኮምፒውተር ያስተማረች ልጅ ጓሮዬን ፍለጋ መምጣቷ ደስ አለኝ።

ደስታዬ እስከ ዓርብ ቆየ። ዓርብ ዕለት ሦስቱን መዝገቦች ጎን ለጎን በሥዕል አወጣቻቸው። ሦስት ረጃጅም መስመሮች ናቸው፤ የተነበበው ቀን አረንጓዴ፣ ያልተነበበው ቀይ። የደጎሎው እዚህም እዚያም ቀይ ነጠብጣብ አለው። የእኔው ላይ ሦስት ሰፋፊ ቀይ ቦታዎች ተጋድመዋል። የወግዲው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው።

ቀዮቹ ምን እንደሆኑ እሷ ሳትጠይቀኝ አውቄያለሁ። ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ሦስት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬያለሁ፤ አንድ ክረምት ይቀረኛል። የመምህራን የክረምት ትምህርት የሚሰጠው ደግሞ ሰማዩ ሙሉ አቅሙን በሚያወርድበት ወራት ነው። ቁልፉን በኪሴ ይዤ ነበር የሄድኩት።

"የወግዲው ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው ነው ጋሼ?" አለች ተማሪዋ፣ ዓይኗን ከአረንጓዴው ሳትነቅል። "አንድ ቀን እንኳ አልጎደለበትም። እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም።"

"ልብስ ሰፊ ነው" አልኳት።

አውቀዋለሁ። ዝናብ ለኪዎች ኮምቦልቻ ለሥልጠና በተጠራን ጊዜ አብረን ነበርን። እኔ ጥያቄውን ሁሉ ስመልስ ውዬ፣ እሱ መጨረሻ ላይ እጁን አውጥቶ "የኔ ጌታ፣ ሌሊቱን የዘነበው የትናንት ነው የዛሬ?" አለ። እኛ ሳቅን። አሰልጣኙ ግን "ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው!" ብሎ ግማሽ ሰዓት አስረዳበት። ልብስ ሰፊው ስድስተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልረሳሁትም።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ተማሪዋ አንድ ነገር ነካ ስታደርግ የእኔ ቀይ ቦታዎች በሰማያዊ ተሞሉ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ክረምቶችዎ ተሞሉ። ከጎረቤት ጣቢያ ወስዶ ነው የሚሞላው። አብዛኛው ከወግዲ ነው።"

የእኔ ጓሮ፣ የእኔ ቆርቆሮ፣ የዚያ ልብስ ሰፊ ዝናብ! ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። "ማን ፈቅዶለት?" አልኳት።

ልጅቷ ሳቀች፤ የቀለድኩ መስሏታል። ከዚያ ፊቴን አየችና የፕሮግራሙን ውስጥ ከፈተችው። "እዩት ጋሼ፣ የተደበቀ ነገር የለውም። ይቺ መስመር ጎረቤቶቹን ትጠራለች። ይቺኛዋ በርቀታቸው ትመዝናቸዋለች። የቀረበው የበለጠ ይሰማል።"

"ሰውየውን አያውቀውም?"

"ማንንም አያውቅም። የሚያውቀው ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ነው።"

"ወግዲን ማስወጣት ይቻላል?"

ትንሽ አየችኝ። ክፍት ነው ብላኛለችና እንቢ አላለችም። ወግዲ ከተጻፈበት መስመር ፊት አንዲት ምልክት አደረገች፤ እንዲህ ሲደረግ ፕሮግራሙ ያን መስመር ዘሎት ያልፋል። እንደገና አስኬደችው። አሁን ክረምቶቼን የሞላው ደጎሎ ብቻ ሆነ። የተሞላውን ለወንዙ ሞዴል ሰጥታ ሁለት መስመር አወጣችልኝ። ጥቁሩ ድልድዩ ላይ የተለካው እውነተኛው ወንዝ ነው፤ ሰማያዊው ከዝናቡ ተነስቶ ሞዴሉ ያሰላው። ወግዲ ሳለ ሁለቱ አብረው ይወጡ አብረው ይወርዱ ነበር። ወግዲ ሲወጣ ጥቁሩ ጸጥ ባለበት ሰማያዊው ይዘላል፣ ጥቁሩ በሚሞላበት ሰማያዊው ተኝቷል።

"ወንዙ የሰውየውን ዝናብ ይፈልገዋል ጋሼ" አለችና ምልክቷን አጠፋችው።

ቅዳሜ ጠዋት የዕለቱን ዜሮ ጽፌ ወግዲ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለባለቤቴ "የመዝገብ ጉዳይ አለኝ" ነበር ያልኳት። ጉዳዬ ሌላ ነው። ሰው ሆኖ አንድም ቀን የማይጎድልበት የለም፤ ይህ ሰው እየፈጠረ ነው የሚጽፈው ብዬ ራሴን አሳምኜያለሁ። ደብተሩን ባየው አገኘዋለሁ።

ሱቁ በረንዳ ላይ አገኘሁት። የስፌት መኪናውን ወደ ግቢው አዙሮ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ዝናብ መለኪያው ቆሟል።

"አሰላሙ አለይኩም" አልኩት።

"ወአለይኩም ሰላም! መርሐባ!" ብሎ ተነሳ። በአንድ እይታ አወቀኝ። "የመካነ ሰላሙ መምህር! ወላሂ፣ በዚያ ሥልጠና ሁሉን የመለሱት አንቱ አይደሉ እንዴ?"

መዝገብ ለማስተያየት እንደመጣሁ ነገርኩት። ምንም ሳይጠረጥር ገብቶ ደብተሮቹን አቅፎ ወጣ። እያንዳንዱን ደብተር ከተረፈ ጨርቅ ልባስ ሰፍቶለታል። ተቀምጬ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። በአንድ ቀለም፣ በአንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ የተጻፈ ሳምንት ፈለግሁ፤ የሚደጋገም ቁጥር ፈለግሁ። የለም። ያገኘሁት የሦስት ሰው የእጅ ጽሑፍ ነው።

"ይሄ የማን እጅ ነው?" አልኩት። አገኘሁህ ያልኩት በሆዴ ነው።

"የባለቤቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም ነበር፤ ለዚሁ ብዬ ቁጥሩን አስተማርኳት። እኔ ለቅሶ ስሄድ፣ ስታመም፣ እሷ ናት።" ገጽ ገለጠልኝ። "ይቺ ደግሞ ልጄ ናት። አራቷን እዩዋት፣ ወንበር ነው የምታስመስላት። እስከዚህ ድረስ አለች።" ጣቱ ገጹ መሃል ላይ ቆመ። "ከዚህ ወዲያ ሳዑዲ ሄደች። አሁንም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ዝናቡን ነው።"

ደብተሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

"አንቱስ?" አለኝ። "ሲሄዱ ማን ያነብልዎታል?"

"ባለቤቴ" አልኩት።

"ማሻአላህ!" አለ፣ ደስ ብሎት።

ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድ በአላህ ለመነኝ። በልተን ስንጨርስ የኮቴን ኪስ አየው፤ ቁልፉ እየከበደው ጫፉ ተተርትሮ ነበር። "አውልቁት፣ አንድ አፍታ ነው" ብሎ መኪናው ላይ ጣለውና ሰፋው። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያን ስፌት በጣቴ ዳሰስኩት። ጥሩ ስፌት ነበር። ይህም አበሸቀኝ። ሌባ ሆኖ ባገኘው ይቀለኝ ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባዶ የመመዝገቢያ ቅጾች አወጣሁ። ሁለት እስክሪብቶ አዘጋጀሁ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር። ሦስቱን ክረምት በአንድ ከሰዓት አዘነብኩት። ሐምሌን አከበድኩት፣ ነሐሴ መሃል ላይ ሁለት ደረቅ ቀን ጣል አደረግሁ፣ እውነት እንዲመስል። የአገሩን ዝናብ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

"ምንድን ነው የምትጽፈው?"

"የጠፋ መዝገብ ተገኝቶ እየገለበጥኩ ነው።"

"የመቼ?"

"ክረምት እማር የነበረ ጊዜ።"

"ያኔማ ሣጥኑ ተቆልፎ ነው የከረመው" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ መጻፌን ቀጠልኩ።

ሰኞ ለተማሪዋ ሰጠኋት። ጎረቤት ያነበበልኝ ነው፣ ወረቀቱ ተረስቶ ነበር አልኳት። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወርቅ ነው!" ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ደስታዋን ሳይ እውነትም ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ከሰዓቱን በሙሉ ስትጽፈው ዋለች።

ማክሰኞ ዕለት መምህራኑ ወደ ክፍል እስኪገቡ ጠበቀችና በሩን ዘጋችው። "እዚህ ይቀመጡ ጋሼ" አለችኝ፣ ከጎኗ ወንበር ስባ።

ፕሮግራሙ አዲስ መረጃ ሲገባለት ሳይሞላ በፊት ይፈትሻል። የእኔንና የጎረቤት ጣቢያዎችን ዝናብ እየደመረና እያስተያየ አንድ መስመር ያወጣል፤ ደህና ከሆነ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የእኔው ሦስት ቦታ ላይ ተቆልምሟል።

"ይህን ቀን ይዩት" አለች። "ነሐሴ ነው። እዚህ ሰላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ይላል። ያን ቀን ወግዲም ደጎሎም ዜሮ ናቸው። ወንዙም አልተንቀሳቀሰም።"

"ዝናብ አንዳንዴ አንድ ቦታ ብቻ ይወርዳል" አልኳት።

"ይወርዳል።" ገጹን ዝቅ አደረገችው። "ከነጥብ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ደግሞ ይዩ። ሁሉም ወይ ዜሮ ወይ አምስት ነው። በእርስዎ ደብተር ላይ ሁለትም ሰባትም ዘጠኝም አለ።" ከዚያ ሳታየኝ፣ "ምናልባት ያነበበልዎ ሰው ልምድ ስለሌለው ይሆናል" አለች።

በር እየከፈተችልኝ ነበር። አዎ ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ የሌለ ጎረቤቴን እንወቅሳለን፣ እኔም ወደ ክፍሌ እሄዳለሁ። ግን ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የእኔ ተማሪ ልትሆን የምትችል ልጅ፣ እኔን ላለማዋረድ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላለች። አልቻልኩም።

"ያነበበልኝ ሰው የለም" አልኳት። "እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሁድ ዕለት።"

"ለምን ጋሼ?"

"በቅናት።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። ለሚስቴ እንኳ ያላልኩትን ነው።

ልጅቷ አልተቆጣችም። "ባዶ ቢሆን ምንም አልነበረም" አለች ቀስ ብላ። "ባዶውን መሙላት እችላለሁ፤ የተሞላ መሆኑንም እጽፋለሁ። ውሸት ከገባበት ግን የት የት እንዳለ ካላወቅሁ ማውጣት አልችልም።"

"ለሰው ትናገሪያለሽ?"

"የእሁዱን አወጣዋለሁ። አስራ አንዱን ዓመት ግን በሙሉ እንደገና ፈትሼዋለሁ ጋሼ፣ ይቅርታ። ንጹሕ ነው።"

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት! ንጹሕ ነው ስትለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴን የቆረጠኝ ያ ነው። እያንዳንዱን ጠዋት፣ በብርድ ጎንበስ ያልኩበትን ሁሉ፣ በእኔው ጥፋት ልትጠረጥረው ግድ ሆኖባታል።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወግዲን፣ በእሷ ስም የዋሸሁትን፣ የእሁዱን። ቁልፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወዲያው አላነሳችውም።

"ቅናት ያልከው ይሄ ነው?" አለችኝ። "እኔስ? ያንን ቆርቆሮ ስንት ዓመት ቀናሁበት መሰለህ። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብለህ እሱን እንደምታየው አንድ ቀን እኔን አይተኸኝ ታውቃለህ?"

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጓሮ አብረን ወጣን። በጋ ስለነበር ቆርቆሮው ደረቅ ነው፤ አሳይሻለሁ ብዬ በጣሳ ውሃ ጨመርኩበት። አንድ ጊዜ ብቻ አሳየኋት። ሁለተኛ አላስፈለጋትም።

ተማሪዋ ከመሄዷ በፊት ፕሮግራሙን በፍላሽ አምጥታ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ጫነችልን። የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለጋትም። አጠቃቀሙን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል፤ በኋላ ግን የየወሩን መዝገብ ራሴ እያስገባሁ እፈትሽ ጀመር። ጥናቷ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ላከችልኝ። ስለ እኔ ጣቢያ የሚናገረው ገጽ ላይ ሦስቱ ክረምቶች ከጎረቤት ጣቢያዎች መሞላታቸው በግልጽ ተጽፏል። ስለዚያ እሁድ አንድም ቃል የለበትም። ለወግዲው ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ምንም አልነገርኩትም። ኮምቦልቻ ሌላ ሥልጠና ላይ ተገናኝተን "ባለቤትዎስ? ታነባለች?" ሲለኝ፣ "በሚገባ" አልኩት። ያን ጊዜ እውነት ሆኖ ነበር።

የመጨረሻው የክረምት ትምህርቴ ቀርቶኝ ስለነበር በተከታዩ ሐምሌ ሄድኩ። ጳጉሜ ላይ ስመለስ ባለቤቴ ቅጾቹን በቅደም ተከተል አስቀምጣ ቆየችኝ። ወስጄ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባኋቸው። አንድም ቀን አልጎደለም። ፍተሻውን አስኬድኩት፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ያን ሳደርግ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። በቅጹ ዳር "አስተያየት" የሚል ዓምድ አለ፤ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ባዶ የተውኩት። እሷ ሞልታዋለች። "ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረ፣ በረዶ ነበረው።" "ካፊያ ብቻ፣ ጠዋት ተወ።" "ነፋሱ ከወግዲ በኩል ነው።"

መስከረም ላይ ከደሴ የዝናብ ጣቢያዎች ተቆጣጣሪ መጣ። ጓሮ ገብቶ ቆርቆሮውን አየ፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ደብተሩን ገለጠ። የእኔን ገጾች ቶሎ ቶሎ አለፋቸው። ክረምቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ መነጽሩን አውጥቶ አደረገ።

"ይህን የጻፈው ማን ነው?" አለኝ። "እንዲህ ያለ አንባቢ ነው የምንፈልገው።"

ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ነበረች፤ እንደምትሰማ አውቃለሁ። ያ የማውቀው ግለት ከአንገቴ ተነስቶ ወደ ጆሮዬ ሲወጣ ተሰማኝ። በገዛ ሚስቴ! "እኔ ነኝ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።

"ባለቤቴ ናት" አልኩት። "ቆይ ልጥራልህ።"

ጠራኋት። እጇን እያደራረቀች መጥታ ተቀመጠች፤ ሰውየው ስለ በረዶው ይጠይቃት ጀመር። እኔ ቀስ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ እነሱ አውርተው እስኪጨርሱም እዚያው ቆየሁ።